አፍንጫዋ «የኔ ነው» ስላለችው ጠርሙስ

የምስክርነት ቃል መቀበያ ቅጽ

ምስክር፦ የታሳሪዋ ታላቅ እህት (ሙሉ ስሟ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)፣ በሰፈር መጠሪያዋ «ጆንያ»
ዕድሜ፦ 49
የትምህርት ደረጃ፦ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀች
ሥራ፦ ከቅጠል ዘይት ማውጣት
አድራሻ፦ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ በወሩ 14ኛ ቀን
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡20

ሕፃኗ ድናለች! ዛሬ ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ላይ በሁለት እግሯ እየተራመደች ከሆስፒታሉ በር ወጥታለች። ትንፋሿ ተስተካክሏል፣ የደረቷ ቁስል ደርቋል፣ እናቷ ልትሸከማት ስትል «አውርጂኝ!» ብላ ጮኻለች። ጩኸቷን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ ከሁሉ በፊት ይጻፍ፤ ሌላው ይደርሳል።

(ምስክሯ ከላይ ያለውን በር ላይ እንደቆመች ከተናገረች በኋላ ሰላምታ ሰጥታ፣ ወንበር ተሰጥቷት፣ ውሃ ጠጥታ፣ እውነቱን ብቻ እንድትናገር ተነግሯት እንደሚከተለው ቀጥላለች። — መርማሪው)

እኔ ማንነቴ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ በዚህ ጣቢያ ለዘጠኝ ቀናት ታስራ የምትገኘው ሴት ታላቅ እህት ነኝ። በአራት ዓመት እበልጣታለሁ። መርማሪው «ረጋ ብለው ይናገሩ» ብለውኛል። የሕፃኗ መዳን ደስታው አፌን ሞልቶታል፤ ነገር ግን ከደስታው ሥር ያለው ንዴት ገና አልወጣልኝም። ንጹሕ ሰው ዘጠኝ ቀን ሲታሰር እንዴት እንደሚረጋ የሚያውቅ ካለ ያስተምረኝ። እኔ ስለማላውቅ እንዲሁ እንዳለሁ እቀጥላለሁ።

እኔና እህቴ ላለፉት ሃያ ዓመታት በተከራየነው ግቢ ውስጥ ከባሕር ዛፍ፣ ከናናና ከሎሚ ሣር ቅጠል ዘይት እናወጣለን። ቅጠሉን ቆርጠን አንድ ቀን ጥላ ውስጥ እናጠወልገዋለን። ከዚያ ከመዳብ በተሠራ ትልቅ ጋን ውስጥ፣ ከውሃው በላይ በተጋደመው ወንፊት ላይ፣ ሳንጠቀጥቅ እንሞላዋለን። ከሥር ያለው ውሃ ሲፈላ እንፋሎቱ በቅጠሉ መሀል እያለፈ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላው በርሜል ውስጥ በተጠመዘዘ ቧንቧ ሲያልፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና አንገተ ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ ይንጠባጠባል። ውሃው ከታች ይቀራል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። አንድ ጆንያ ሙሉ ቅጠል የሚሰጠው ዘይት አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ተጠይቄ አይደለም። እህቴ በተያዘች ዕለት ይህን የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተቀመጥኩ ነበር።

ቅጠል መሸከም፣ እንጨት መፍለጥ፣ በርሜል መሙላት የኔ ድርሻ ነው። ጆንያ የሚሉኝም ለዚህ ነው፤ አልከፋኝም፣ ባዶ ጆንያ እስካላሉኝ ድረስ። እህቴን ግን ገዢዎች «አፍንጫዋ» ይሏታል። ዘይቱን አሽትታ እሳቱ በዝቶ እንደነበር፣ ቅጠሉ ለጋ ይሁን ያረጀ፣ ዝናብ በነካው ማግስት የተቆረጠ ይሁን ትናገር ነበር። ገዢ ፊት ቆማ ጠርሙሱን ከፍታ «ይሄ ይሂድ፣ ይሄ ይቆይ» ስትል የሚከራከራት የለም። ጠርሙሶቻችን ቡናማ ብርጭቆ ናቸው። በያንዳንዱ ላይ የቅጠሉን ስም፣ የተቆረጠበትን ቀንና «አይጠጣም፤ እንዲሁ ቆዳ ላይ አይቀባም፤ ለሕፃን አይሆንም» የሚለውን በገዛ እጇ ጽፋ ትለጥፋለች። የእጅ ጽሑፏ ወደ ግራ ያጋደለ ስለሆነ ከሩቅ ይታወቃል።

ቀጥሎ የምናገረውን እንዳልናገር እህቴ ለምናኛለች። ቢሆንም እናገራለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት እህቴ አሥር ቀን በትኩሳት ተኝታ ተነሣች። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን እኔ ማገዶ ይዤ ከበሩ ስገባ የተቃጠለ ቅጠል ሽታ ተቀበለኝ። እንጨቱን ጥዬ «ተቃጠለ! ኧረ ጋኑ ተቃጠለ!» እያልኩ ሮጥኩ። እህቴ ከጋኑ አንድ ክንድ ርቃ ቆማ ነበር። «ምኑ?» አለችኝ። ተያየን። እሳቱን በውሃ ካጠፋሁ በኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ናናውን በእጇ ጨምቃ አፍንጫዋ ላይ ያዘች። ቀጥሎ የሎሚ ሣሩን ያዘች። ቀጥሎ ሳሙና አመጣችና ያዘች። «እትዬ፣ ምንም የለም» አለችኝ። ከዚያ «ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ።

ሐኪም ቤት ሄደናል። «ሊመለስ ይችላል» ተብለናል። አልተመለሰም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥራውን የምንሠራው እንደሚከተለው ነው። ጠርሙሱን አስቀድሜ የማሸተው እኔ ነኝ። ገዢ ሲመጣ እህቴ እንደ ወትሮው ከፍታ ታሸታለች፤ እኔ ጆንያ ተሸክሜ ከኋላዋ ሳልፍ ትከሻዋን እነካለሁ። ቀኝ ትከሻዋን ከነካሁ ዘይቱ ጥሩ ነው፤ ግራውን ከነካሁ ጉድለት አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም። ጆንያ የተሸከመች ሴት ሰው ገፋ አድርጋ ብታልፍ ማን ልብ ይላል? በዚህ መንገድ መጥፎ ዘይት ለማንም ሰጥተን አናውቅም።

አሁን ወደ ሰውዬው እመጣለሁ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት የፀጉር ቅባትና ሳሙና የሚሸጠው ባለ ሱቅ በሰፈሩ «ሽቶ» ይባላል። ገና ከመንገዱ ማዶ እያለ ይሸታል። እሱ ቆሞ ባለበት የሌላ የምንም ነገር ጠረን አይለይም፤ ሲሸጥ የኖረውም በዚህ ይመስለኛል። ከእኛ የባሕር ዛፍ ዘይት ሦስት ጊዜ ወስዷል፤ የመጨረሻው ካለፈው ዓመት ክረምት በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ጠርሙስ አልሰጠነውም፣ ምክንያቱም እህቴ «ሰው ሲያናግር ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ ነው፣ ዘይቱ ላይ አይደለም» ብላ ነበር። አፍንጫዋ ቢሞትም ዓይኗ እንደነበረ ነው።

ቅዳሜ በወሩ 2ኛ ቀን ልጄ ስለወለደች ልጠይቃት ወደ ሌላ ከተማ ሄድኩ። ማክሰኞ በ5ኛው ቀን እህቴ ተያዘች። አልተነገረኝም። «አራስ ቤት ናት፣ እንዳትረብሿት» ብላ ጎረቤቶችን ያስማለችው ራሷ እህቴ ናት። በስልክ ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነበር፤ «ባትሪው አርጅቷል» ብዬ ተውኩት። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ይጻፍ።

ሰኞ በ11ኛው ቀን ከቀኑ 9፡00 አካባቢ ስመለስ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከፍቼ ስገባ ግቢው ውስጥ የተውኳቸው ስድስት ጆንያ የባሕር ዛፍ ቅጠሎች ጠቁረው፣ እርስ በርስ ተቃጥለው፣ እጄን ስከት ይፋጁ ነበር። ቅጠል እንዲህ የሚሆነው ሰው ሲጥለው ነው። እህቴ ቅጠል አትጥልም። ከጎናችን ያለው ጫማ ጠጋኝ መዶሻውን እንደያዘ ወጣና «እንኳን ደህና መጣሽ አልልሽም፣ አልሰማሽም እንዴ?» አለኝ።

ከእሱ የሰማሁት ይህን ነው። የልብስ ሰፊዋ የአምስት ዓመት ልጅ ጉንፋን ይዟት ነበር። እናቷ ከሽቶ ሱቅ የባሕር ዛፍ ዘይት ተብሎ የተሰጣትን ገዝታ ሰኞ በ4ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረቷ ላይ ቀባቻት። ቆዳዋ ተላጠ፣ አፏን ከፍታ መተንፈስ አቃታት፣ ሆስፒታል ገባች። በማግስቱ ፖሊስ ጠርሙሱን ይዞ ግቢያችን መጣ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ የእህቴ ነው። እህቴን ወደ ጣቢያ ወሰዷት። «መንገድ ለመንገድ ቆመን ነው ያየናት» አለኝ ጫማ ጠጋኙ፤ «አንድ ሰው እንኳን ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፣ እውነቱን ልንገርሽ።» እውነቱን ስለነገረኝ አልሰደብኩትም። ሌሎቹን ግን ሰድቤአለሁ፣ ስማቸውን እየጠራሁ፣ ከበራቸው ፊት ቆሜ። መርማሪው ስድቡ እንዳይጻፍ ብለዋል።

ማክሰኞ በ12ኛው ቀን ከጠዋቱ 3፡00 ምግብ ይዤ ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ። በፍርግርጉ በኩል አሥር ደቂቃ ተፈቀደልን። የተባባልነው ቃል በቃል ይህ ነው።

«ለምን የኔ ነው አልሽ?» አልኳት።

«ጠርሙሱ የኔ ነዋ፣ እትዬ! ጽሑፌ አይደል እንዴ?»

«ስለ ጠርሙሱ ማን ጠየቀሽ! ዘይቱስ?»

ያመጣሁላትን ምግብ በፍርግርጉ ተቀብላ መፍታት ጀመረች።

«ዘይቱስ? አላሸተትሽውም?»

«አሽትቺው አሉኝ። አሸተትኩት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ተረኛው ፖሊስ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ጸሐፊዋ ታየኛለች። ‘ይቺ እኮ አፍንጫዋ ናት’ ይባባላሉ። አንቺ የለሽ። ማን ትከሻዬን ይንካኝ? ... የኔ ነው አልኩ።»

ይህን ስሰማ ፍርግርጉን በእጄ መትቻለሁ። ለዚህ ጠባቂውን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። እህቴን ግን አልጠየቅኋትም። «አይሸተኝም ማለት አቅቶሽ ነው ሰው ልታቃጥይ የሞከርሽ ተብለሽ የተቀመጥሽው?» አልኳት። «ሃያ ዓመት አፍንጫዋ ተብዬ ኖሬ» አለችኝ፤ «አሁን አይሸተኝም ብል የእስከ ዛሬው ሁሉ ውሸት አይሆንም? ማን ከኛ አንድ ጠብታ ይገዛል?» ወረቀት ለምን አልጠየቅሽም አልኳት። ወረቀት ያልኩት ምን እንደሆነ ከዚህ በታች ይገለጻል። እህቴ ግን ወረቀት የሚጠይቅ ማሽተት የማይችል ሰው ነው ብላ የምታምን ናት። «ለሰው ብትነግሪ እህትሽ አይደለሁም» አለችኝ። ሰዓቱ አለቀ። እሺም እምቢም ሳልላት ወጣሁ።

ያን ቀን ግቢ ውስጥ የበሰበሰውን ቅጠል በአካፋ እያወጣሁ አሰብኩ። ብናገር ስሟን አጣታለሁ። ባልናገር እሷን ራሷን አጣታለሁ፤ ሕፃኗ ብትሞት ደግሞ መፈታት የሚባል ነገር አይኖርም። ሰው ከሌለ ስሙ ምን ያደርግልኛል? ስድስተኛውን ጆንያ ሳወጣ ወሰንኩ።

ረቡዕ በ13ኛው ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ላይ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ መኪናው በመስኮቱ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በካርቶን። ሌሊቱን ሆስፒታል አድራ ልብስ ለመቀየር ነበር የመጣችው። ማን እንደሆንኩ ስነግራት መቀሷን እንደያዘች ተነሣች። «አንቺ ሴትዮ፣ የልጄን ደረት ልጣችሁ ደግሞ ቤቴ ትመጫለሽ?» አለችኝ። መብቷ ነው፣ አልኳት። ነገር ግን ጠርሙሱ ላይ ለሕፃን አይሆንም ተብሎ ተጽፎ እያለ ለምን ቀባሻት ብዬ ጠየቅኋት። ከመጠየቄ መጸጸቴ አልቀረም፣ ምክንያቱም ፊቷ ተለዋወጠ። «አንብቤዋለሁ» አለች። «ሰውዬውን ጠይቄዋለሁ። ‘እሱ ለወጉ ነው የሚጻፈው፣ ደረቷን ለቅለቅ አድርጊያት’ አለኝ።» ከዚያ ከካርቶኑ ሥር ነጭ ጨርቅ አውጥታ ወረወረችልኝ። የልጅቷን ደረት የጠረገችበት ነው። «አሥራ አምስት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ እንዲህ ያለ እድፍ አይቼ አላውቅም። ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አይለቅም» አለችኝ።

ጨርቁን አሸተትኩት። ከላይ ትንሽ ባሕር ዛፍ አለ። ከሥሩ ላምባ ነው። ከላምባው ሥር የምግብ ዘይት።

«እህቴ የምታወጣው ዘይት እድፍ የለውም» አልኳት። አላመነችኝም። ከቦርሳዬ ከራሳችን ቁም ሣጥን ያመጣሁትን ጠርሙስ አውጥቼ፣ ከካርቶኑ ነጭ ቁርጥራጭ አንሥቼ፣ ሁለት ጠብታ ጣልኩበት። መስኮቱ ላይ አስቀመጥነው። እሷ እየሰደበችኝ፣ እኔ እየሰማሁ ብዙ ቆየን። ስድቡ ሲያልቅባት ጨርቁን አነሣች። ወደ ብርሃኑ ያዘችው፣ ገለበጠችው፣ በጥፍሯ ፈተገችው። ምንም የለበትም። ልብስ ሰፊን በጨርቅ ማታለል አይቻልም። መቀሱን አስቀመጠችና «እትዬ፣ ተነሺ እንሂድ» አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እትዬ ትለኛለች።

በዚያው ዕለት ከቀኑ 9፡00 ሽቶ ሱቅ ደረስን። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ጀርባ ቆየች፣ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ሽቶ ግቢያችን ሦስት ጊዜ መጥቶ አግኝቶኛል፤ ነገር ግን አላወቀኝም። ጆንያ ያልተሸከምኩበትን ፊቴን አይቶት አያውቅማ።

«ግቢ የኔ እመቤት! ምን ላምጣልሽ?» አለኝ።

«ለጉንፋን የሚሆን የባሕር ዛፍ ዘይት ፈልጌ ነበር። ግን የሰው ልጅ አቃጠለ ሲባል ሰማሁና ፈራሁ።»

«እሱማ ያቺ ሴትዮ ያበላሸችው ነው፣ ታስራለች እኮ! አምኜ ጉድ ሆንኩ። ለአንቺ የማመጣልሽ ከድሮው፣ ከጥሩው ነው» አለና ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ጠርሙስ አወጣ። ቡናማ። ወደ ግራ ያጋደለ ጽሑፍ። እህቴ እስር ቤት ወለል ላይ ተኝታ፣ ሕፃኗ ሆስፒታል ተኝታ፣ እሱ ያንኑ መርዝ በእህቴ እጅ ጽሑፍ ለሦስተኛ ሰው ሊሸጥ ነው! እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ስላደረግሁ መርማሪው መስኮቱን ዘግተዋል።

ጠርሙሱን ከፈትኩና ከባንኮኒው ላይ የነበረ ነጭ ወረቀት ስቤ አንድ ጠብታ ጣልኩበት። ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀኝና «ኧረ አንቺ ሴትዮ! ወረቀቴን በቅባት አበላሸሽብኝ እኮ!» አለኝ።

«ምኑ ነው የሚያበላሸው?» አልኩት። «ንጹሕ የቅጠል ዘይት አይደል? በንኖ ይጠፋ የለም እንዴ?»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። የዚያን ጊዜ ያወቀኝ ይመስለኛል። ልብስ ሰፊዋ ገባች። ቀጭን ሴት ናት፤ ያን ዕለት ግን በሩን ሞልታ ነበር የቆመችው። «ለወጉ ነው የሚጻፈው አላልከኝም?» አለችው። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የጓዳው መጋረጃ ተገፈፈ። ከኋላው ሳንቃ ላይ የእኛ ባዶ ጠርሙሶች ታጥበው በአፋቸው ተደፍተዋል፤ ጽሑፋቸው እንዳይረጥብ እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ከጎናቸው ቢጫ የላምባ ጀሪካንና ማንቆርቆሪያ አለ። ሰው የጨረሰውን ጠርሙስ እየሰበሰበ ሲሞላው ነበር ማለት ነው። አንድ መንገደኛ ልከን ከመንገዱ መገናኛ የትራፊክ ፖሊስ አስጠርተን እሱ እስኪመጣ ከበሩ አልተንቀሳቀስንም። ሽቶ «የኔ እመቤቶች፣ እንነጋገር» ሲል ልብስ ሰፊዋ «ሽታህን ይዘህ ራቅ በልልኝ» ብላዋለች። የተያዘው ሁሉ በዚህ ጣቢያ ይገኛል።

ዛሬ ከላይ እስከ እህቴ ትኩሳት ድረስ ያለው ተጽፎ እንዳበቃ «ዘይቱ የእኛ እንዳልሆነ አሽትቼ አውቃለሁ» ብል መርማሪው የአንድ ሰው አፍንጫ ማስረጃ አይሆንም ብለውኛል። ትክክል ናቸው። ስለዚህ ወረቀት ጠየቅሁ። አዲስ ገዢ ሲጠራጠረን የምናደርገው ነው፤ ንጹሕ የቅጠል ዘይት ወረቀት ላይ ጠብ ሲል በንኖ ያልቃል፣ ሌላ ቅባት የተቀላቀለበት ምልክቱን ይተዋል። መርማሪው ራሳቸው ከጠዋቱ 4፡40 ላይ በዚህ ቃል መቀበያ ወረቀት የግራ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ሁለት ክብ ሠርተው፣ «ሀ» በተባለው ክብ ውስጥ እኔ ካመጣሁት ጠርሙስ፣ «ለ» በተባለው ውስጥ ከሕፃኗ እናት ከተወሰደው ጠርሙስ አንድ አንድ ጠብታ ጥለዋል። ክፍሉ በባሕር ዛፍ ሽታ ሲሞላ መርማሪው ከሰኞ ጀምሮ ተዘግቶ የነበረው አፍንጫቸው መከፈቱን ተናግረዋል።

ከጠዋቱ 5፡15 ላይ እህቴ ወደዚህ ክፍል እንድትገባ ተደረገ። ከስታለች። መርማሪው ሁለተኛውን ጠርሙስ ከፍተው ሰጧትና «ይህ የእርስዎ ዘይት ነው?» ብለው ጠየቋት። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ለታዛቢነት የተቀመጠችው ልብስ ሰፊዋ እያየቻት ነበር፣ ጸሐፊዋ እያየቻት ነበር። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። ማንም አልከለከለኝም። ከኋላዋ ቆሜ ግራ ትከሻዋን ነካሁ።

እህቴ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጠርሙሱ የኔ ነው፣ ዘይቱ የኔ አይደለም» አለች። መርማሪው «በምን ለዩት?» አሏት። ወደ እኔ አልዞረችም። «እኔ አልለየሁትም» አለች። «አይሸተኝም። ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የምታሸተው እህቴ ናት።» ይህን ጮክ ብላ፣ ጸሐፊዋ ደግማ እንድትጠይቃት ሳያስፈልግ ተናገረች። እጄ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ነበር።

ማንም አልሳቀባትም። ልብስ ሰፊዋ «ታዲያ ያ እኔ ያየሁት ዘይት የሁለታችሁ ነው ማለት ነው» አለች። እህቴ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። እኔ አላለቀስኩም፤ ገና ተናድጄ ነበር። ዘጠኝ ቀን ያሳሰራት ሽቶ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ዓመት የያዘችው ምስጢርም ጭምር ነው፣ እኔም አብሬ ይዤዋለሁ። በዚህ በኩል ያለውን ንዴት ወደ ራሴ እወስደዋለሁ።

ከቀኑ 6፡10 ላይ መርማሪው፣ ልብስ ሰፊዋና እኔ ይህን ወረቀት ወደ መስኮቱ ይዘን ተመልክተናል። በ«ሀ» ክብ ውስጥ ከእርሳሱ መስመር በቀር የሚታይ የለም። በ«ለ» ክብ ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጫፉ ከእርሳሱ መስመር የወጣ የቅባት እድፍ አለ። መዝገቡን የሚያነብ ሁሉ በጣቱ ሊነካው ይችላል። መርማሪው ለኃላፊያቸው አስታውቀው እህቴ ከዛሬ ከቀኑ 8፡00 ጀምሮ እንድትለቀቅ መታዘዙን ነግረውኛል። ባለ ሱቁ ይቆያል። ይቆይ።

ያየሁትን፣ የሰማሁትንና ያሸተትኩትን ተናግሬአለሁ፤ ከሌላ ሰው የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁት ገልጬአለሁ። ምንም አልጨመርኩበትም፤ ንዴቴም ቢሆን ተቀንሶ እንጂ ተጨምሮበት አልተጻፈም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ ሁለት ቦታ አሳርሜ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ታዛቢ፣ የሕፃኗ እናት፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ (ተፈርሟል)

(ከዚህ በታች ያለው ምስክሯ ከፈረመች በኋላ እስክሪብቶውን ሳትመልስ በራሷ እጅ የጨመረችው ነው። — መርማሪው)

እሑድ በ17ኛው ቀን ከጠዋቱ 3፡00 ላይ ጋኑን እንደገና እንለኩሳለን። ሕፃኗ ትመጣለች፣ እናቷ ትመጣለች፣ ጫማ ጠጋኙ ይመጣል፣ የሰደብኳቸው ጎረቤቶች ሁሉ ይምጡ፣ መርማሪውና ጸሐፊዋም እንዳይቀሩ። የመጀመሪያው ዘይት ሲንጠባጠብ እያንዳንዱ ሰው አሽትቶ በተራው የእህቴን ትከሻ ይነካል፤ ቀኙን ወይም ግራውን፣ እንዳየው፣ በሰው ሁሉ ፊት። ሽቶ የተቀባ ሰው ግን ከበር ይመለሳል። እሑድ ነው፣ ሦስት ሰዓት።